የልጆች የአጥንት ካንሰርና የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት፦ ዜናውን እንዴት እንረዳው?

ልጃቸው የአጥንት ካንሰር እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች የመጀመሪያው ድንጋጤ ትንሽ በረድ ሲልላቸው ስልክ ማንሣት ይጀምራሉ። ጀርመን ያለች እኅት ትጠየቃለች፤ አሜሪካ ያለ አጎት ይጠየቃል። እኅትየዋ «እዚህ የሰውነትን የመከላከል አቅም ቀስቅሶ ካንሰሩን የሚዋጋ መድኃኒት ለልጆች ይሰጣል» ትላለች። አጎትየው ደግሞ «ጠይቄ ነበር፤ እዚህ አይሰጥም» ይላል። ቤተሰቡ ማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንድ ዓይነት የጥናት ውጤት ቀርቦላቸው አውሮፓ «ይሁን» አለች፤ አሜሪካ «አይበቃም» አለች። ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ለሕክምና ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ቤት ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ፣ የተጀመረ ኬሞቴራፒ ለማቋረጥ ወይም ቀዶ ሕክምናን ለማዘግየት የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉና፣ እርስዎም ዜናውን በትክክል ቢረዱት የልጅዎን ሕይወት የሚነካ ውሳኔ በተሻለ መንገድ መወሰን ይችላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በልጆች ላይ የሚከሰት የአጥንት ካንሰር

በልጆችና በወጣቶች ላይ ከአጥንት ከሚነሡ ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል። ሁለተኛው ዩዊንግ ሳርኮማ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ በብዛት የሚታየው ልጆች ቁመት በሚጥሉበት ዕድሜ፣ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉልበት አካባቢ፣ ማለትም በጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ወይም በቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ ላይ ነው። በትከሻ አጠገብ ባለው የክንድ አጥንት ላይም ይታያል።

በሽታው የሚያስፈራው በአጥንቱ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ብቻ አይደለም። ኦስቲዮሳርኮማ በደም ተጉዞ ሳንባ ውስጥ መሥፈር ይወዳል። በምርመራ ጊዜ ሳንባው ንጹሕ መስሎ በሚታይ ልጅ ላይ እንኳ በሲቲ ስካን የማይታዩ ጥቃቅን የካንሰር ሕዋሳት አስቀድመው ሊሠራጩ ይችላሉ። ይህን የምናውቀው ካለፈው ታሪክ ነው። ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት፣ እግር ወይም እጅ በመቁረጥ ብቻ በሚታከሙበት ዘመን፣ ከ100 ልጆች በሕይወት የሚቆዩት 20 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ ካንሰሩ ያለበት አጥንት ከተወገደ በኋላ በሳንባቸው ላይ በወጣ ካንሰር ሕይወታቸው አልፏል።

ዛሬ ካንሰሩ ሳይሠራጭ የተደረሰበት ልጅ ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና ተሟልቶ ሲሰጠው ከ100 ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት ይድናሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 20ን እና ከ60 እስከ 70ን፣ ልብ ይበሉ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምንመዝነው በእነርሱ ነው።

«ተቀባይ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት አንደበትም ዓይንም የላቸውም። በዙሪያቸው ምን እንዳለ የሚያውቁት በላያቸው ወይም በውስጣቸው ባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን አካላት አማካይነት ነው። እነዚህ «ተቀባዮች» ወይም ሪሴፕተሮች ይባላሉ። የሕዋሱ ጆሮዎች ናቸው ብለው ያስቧቸው። እያንዳንዱ ጆሮ የሚሰማው የተወሰነ መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክቱ ሲደርሰው ሕዋሱ አንድ ነገር ያደርጋል።

ለአጥንት ካንሰር ጉዳይ ሁለት ዓይነት ጆሮዎችን መለየት ይበቃናል።

አንደኛው «ተነሥ» የሚል መልእክት የሚሰማው ነው። ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ግድግዳው የተሠራበት ንጥረ ነገር ለሕዋሳቱ እንደ ጥሩምባ ነው። ቶል መሰል ተቀባዮች እና ኖድ-2 የሚባለው ተቀባይ ይህን ይሰማሉ። ሲሰሙ ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቅ ጠባቂ ሕዋሳት ይነቃሉ፤ ባዕድ ነገርን መዋጥ ይጀምራሉ፤ ሌሎች ሕዋሳትንም የሚጠራ ኬሚካል ይለቅቃሉ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለን በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው «በቃ፣ ተው» የሚል መልእክት የሚሰማው ነው። ቲ-ሴል በሚባሉት ተዋጊ ሕዋሳት ላይ የሚገኘው ፒዲ-1 የተባለ ተቀባይ የዚህ ምሳሌ ነው። ሥራው ተዋጊው ሕዋስ ከልክ አልፎ የራሱን ሰውነት እንዳይጎዳ ማቆም ነው። አንዳንድ ካንሰሮች ግን ይህን ጆሮ አግኝተውታል፤ «በቃ» የሚለውን መልእክት እየላኩ ተዋጊውን ያስቀምጡታል።

ስለዚህ በተቀባዮች በኩል ካንሰርን ለመዋጋት የሚሞክሩ መድኃኒቶች ሁለት መንገድ አላቸው። አንዱ «ተነሥ» የሚለውን ጥሩምባ መንፋት ነው። ሌላው «በቃ» የሚለውን ጆሮ መድፈን ነው። ሁለቱም መንገዶች በአጥንት ካንሰር ላይ ተሞክረዋል። ውጤታቸው ግን የተለያየ ነው።

ከ130 ዓመታት በፊት የተጀመረ ሐሳብ

ዊልያም ኮሊ የተባለ የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም በ1891 አንዲት ወጣት ታካሚው ከአጥንት በተነሣ ሳርኮማ ሞተችበት። እጇን ቆርጦ ነበር፤ ካንሰሩ ግን ተሠራጨ። ኮሊ የሆስፒታሉን የቆዩ መዝገቦች ሲያገላብጥ፣ ሳርኮማ የነበረበት አንድ ሰው ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ይዞት ሲድን ዕጢውም አብሮ እንደጠፋ የሚገልጽ ታሪክ አገኘ። ከዚያ በኋላ ኮሊ ለሳርኮማ ሕሙማን በመጀመሪያ ሕያው፣ በኋላም የተገደሉ ባክቴሪያዎችን መውጋት ጀመረ። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ብዙዎቹ አልዳኑም። ማን እንደሚድን አስቀድሞ ማወቅ አልተቻለም፤ ሕክምናውም አደገኛ ነበር። ጨረርና ኬሞቴራፒ ሲመጡ የኮሊ ዘዴ ወደ ጎን ተተወ።

ባክቴሪያ እንዴት የመከላከል ሥርዓቱን እንደሚቀሰቅስ የተረዳነው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ጁልስ ሆፍማን በዝንቦች ላይ፣ ብሩስ ቦይትለር ደግሞ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ቶል መሰል ተቀባዮች ባክቴሪያን እንደሚሰሙ አሳዩ። ለዚህም በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሳይንቲስቶች መካከል ሆኑ። ኮሊ ሳያውቀው ሲነካ የነበረው እነዚህን ጆሮዎች ነበር ማለት ነው።

አንድ መድኃኒት፣ ሁለት ውሳኔ

ጀርመን ያለችው እኅት የነገረችዎት መድኃኒት ሚፋሙርታይድ ይባላል፤ የንግድ ስሙ ሜፓክት ነው። ከባክቴሪያ ግድግዳ ትንሽ ቁራጭ ጋር እንዲመሳሰል በላቦራቶሪ የተሠራ ንጥረ ነገር ነው። ሕያው ጀርም ስለሌለበት ኢንፌክሽን አያመጣም። በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ተጠቅልሎ በደም ሥር ይሰጣል። ማክሮፌጆች፣ በተለይም በሳንባ ያሉት፣ ከረጢቶቹን ሲውጧቸው መድኃኒቱ በውስጣቸው ያለውን የኖድ-2 ተቀባይ ያገኛል። «ተነሥ» የሚለው ጥሩምባ ይነፋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በኬሞቴራፒና በቀዶ ሕክምና ያልጠፉ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት በሳንባ ውስጥ ካሉ የነቁት ማክሮፌጆች እንዲያጠፏቸው ነው።

ይህ መድኃኒት ከ1993 እስከ 1997 በአሜሪካ በተካሄደ ትልቅ ጥናት ተፈተነ። ካንሰራቸው ሳይሠራጭ የተደረሰባቸው 662 ሕሙማን በዕጣ ተመደቡ። ሁሉም ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና አገኙ፤ ግማሾቹ ሚፋሙርታይድ ተጨመረላቸው። በ2008 በወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መድኃኒቱን ካላገኙት ከ100 ወደ 70፣ ካገኙት ደግሞ ከ100 ወደ 78 ነበሩ። ልዩነቱ ከ100 ልጆች 8 ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2007 መረጃው አሳማኝ አይደለም ብሎ ሳይፈቅድ ቀረ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በመጋቢት 2009 ፈቀደ። ፈቃዱ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 30 ዓመት ለሆኑ፣ ኦስቲዮሳርኮማቸው ላልተሠራጨና በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ለወጣላቸው ሕሙማን፣ ከኬሞቴራፒ ጋር እንዲሰጥ ነው። በእንግሊዝ የመድኃኒቶችን ጥቅምና ዋጋ የሚመዝነው ተቋም መጀመሪያ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ነበር፤ አምራቹ የዋጋ ቅናሽ ካቀረበ በኋላ በ2011 ተቀበለው።

ውሳኔዎቹ ለምን ተለያዩ?

ሦስት ምክንያቶችን መረዳት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ጥናቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ጠይቋል። ሚፋሙርታይድ ይጠቅማል ወይ? ኢፎስፋማይድ የተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት ቢጨመርስ ይጠቅማል ወይ? በ2005 የወጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ የሌላውን ውጤት የሚነኩ አስመስሎ ነበር። ይህም የሚፋሙርታይድን ጥቅም ብቻውን ነጥሎ ለማየት አስቸገረ።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ሲታቀድ ሊለካ የታሰበው ዋና ነገር ካንሰሩ ሳይመለስ የሚቆይበት ጊዜ ነበር። በዚህ መለኪያ መድኃኒቱን ያገኙት የተሻሉ ቢመስሉም ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት አልበቃም። በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን ልዩነቱ ጠንከር ያለ ነበር። አሜሪካ በመጀመሪያው መለኪያ ጸናች፤ አውሮፓ ለሁለተኛው ክብደት ሰጠች።

ሦስተኛ፣ ጥናቱን ቶሎ መድገም አልተቻለም። የአጥንት ካንሰር ከሌሎች ካንሰሮች አንጻር ጥቂት ሰዎችን የሚያጠቃ በመሆኑ ለአንድ ትልቅ ጥናት የሚበቃ ቁጥር ለማሰባሰብ ዓመታት ይፈጃል። በፈረንሳይ ካንሰሩ የመመለስ ሥጋቱ ከፍ ባለባቸው ሕሙማን ላይ ይህን መድኃኒት በዕጣ የሚያወዳድር ጥናት ሳርኮም-13 በሚል ስያሜ ተጀምሯል። ለረጅም ጊዜ የዘለቀውን ክርክር ለመፍታት ከሚጠበቁት አንዱ እርሱ ነው።

እንደ ሐኪም የእኔ ንባብ ይህ ነው። መድኃኒቱ ባዶ ተስፋ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። በተፈቀደበት አገር የሚኖር ቤተሰብ ልጁ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ ከካንሰር ሐኪሙ ጋር በቁም ነገር ሊወያይበት ይገባል። ባልተፈቀደበት ወይም በሌለበት አገር ያለ ቤተሰብ ደግሞ ልጁ ዋናውን ሕክምና እንደተነፈገ ሊቆጥር አይገባም።

«በቃ» የሚለውን ጆሮ የሚደፍኑት መድኃኒቶች

በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ የቲ-ሴሎችን ፍሬን በማላቀቅ ካንሰርን ለማከም የሚያስችል መንገድ ከፍተዋል። በዚህ መንገድ የተሠሩት መድኃኒቶች የተሠራጨ የቆዳና የሳንባ ካንሰር ባለባቸው ብዙ አዋቂዎች ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥተዋል። ስለ ኢሚውኖቴራፒ የሚሰሟቸው አብዛኞቹ ዜናዎች ስለ እነዚህ ናቸው።

በአጥንት ካንሰር ላይ ግን ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። ፒዲ-1ን የሚደፍነው ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2017 በታተመ ጥናት የተሠራጨ ወይም የተመለሰ ሳርኮማ ላለባቸው ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። ከ22 የኦስቲዮሳርኮማ ሕሙማን ዕጢው በግልጽ የቀነሰለት 1 ሰው ብቻ ነው። ከ13 የዩዊንግ ሳርኮማ ሕሙማን አንድም ሰው አልነበረም።

ለምን? ፍሬን ማላቀቅ የሚጠቅመው መኪናው ካለ ነው። በቆዳ ካንሰር ዕጢ ውስጥና ዙሪያ ብዙ ቲ-ሴሎች ተሰብስበው ሊገኙ ይችላሉ፤ የሚጠብቁት ፍሬኑ እንዲለቀቅላቸው ነው። በኦስቲዮሳርኮማ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ቲ-ሴሎች ጥቂት ናቸው። በብዛት የሚገኙት ማክሮፌጆች ናቸው። ዕጢያቸው ውስጥ ብዙ ማክሮፌጅ የተገኘባቸው ሕሙማን ካንሰሩ የመሠራጨት ዕድሉ ዝቅ ብሎ የታየባቸው ጥናቶችም አሉ። ማክሮፌጆችን የሚያነቃው የኖድ-2 መንገድ ተስፋ ሲያሳይ፣ ቲ-ሴሎች ላይ ያተኮረው የፒዲ-1 መንገድ ያልሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ሙከራ ነበር። ኢንተርፌሮን በሰውነታችን የሚመረት የመከላከያ መልእክተኛ ነው፤ እርሱም የሚሠራው በተቀባዮች በኩል ነው። ከ2005 እስከ 2011 ሕሙማንን የመዘገበው ዩራሞስ-1 የተባለው ጥናት ከ17 አገሮች ከ2,200 በላይ የኦስቲዮሳርኮማ ሕሙማንን አሳትፏል። ለኬሞቴራፒ ጥሩ ምላሽ ከሰጡት ሕሙማን ለግማሾቹ ኢንተርፌሮን እንዲጨመር ተመደበ። ጥቅሙ ግን ሊረጋገጥ አልቻለም። ከተመደቡት ብዙዎቹ ወይ ጨርሶ አልጀመሩትም፣ ወይ አቋረጡት። የረጅም ጊዜ ኬሞ የጨረሰ ልጅ በላዩ ላይ ሌላ የሚያደክም መድኃኒት መውሰድ ምን ያህል እንደሚከብደው ይህ ያሳያል።

ሰው ሠራሽ ተቀባይ

«ካር-ቲ» የሚባለውንም ሳይሰሙ አልቀሩም። በዚህ ሕክምና ቲ-ሴሎች ከታማሚው ደም ተወስደው ካንሰሩን የሚለይ ሰው ሠራሽ ተቀባይ ይገጠምላቸውና ተመልሰው ይሰጣሉ። አሜሪካ በ2017 ለልጆችና ለወጣቶች የደም ካንሰር የፈቀደችው ይህ ሕክምና ሌላ መፍትሔ ያልነበራቸውን ልጆች አድኗል።

በደም ካንሰር የሠራ ነገር ሁሉ ግን በአጥንት ካንሰር አይሠራም። የደም ካንሰር ሕዋሳት በደም ውስጥ ስለሚንሳፈፉ በቀላሉ ይገኛሉ። የአጥንት ካንሰር ግን ጠንካራ ዕጢ ነው፤ ተዋጊዎቹ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ይቸገራሉ። በ2015 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ አብዛኞቹ ኦስቲዮሳርኮማ የነበረባቸው 19 የሳርኮማ ሕሙማን ይህን መሰል ሕዋሳት ተሰጥቷቸው ነበር። ሕክምናው ከባድ ጉዳት አላደረሰም፤ በአንዳንዶቹ ላይም ካንሰሩ ለጥቂት ጊዜ ሳያድግ ቆይቷል። ይህ ለተመራማሪዎች ጥሩ መነሻ ነው። ለቤተሰብ ግን «አለ» የሚባል ሕክምና አይደለም። ማንም ሰው ገንዘብ ተቀብሎ «ለአጥንት ካንሰር ካር-ቲ እንሰጣለን» ካለዎት በየትኛው በተመዘገበ ጥናት ውስጥ እንደሆነ ይጠይቁ። እውነተኛ የምርምር ሙከራ አዲሱን መድኃኒት ለመስጠት ከታማሚ ገንዘብ መጠየቅ የለበትም።

ቁጥሮቹን አንድ ላይ ስናያቸው

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንመለስ። ቀዶ ሕክምና ብቻ ሲደረግ ከ100 ልጆች 20 ገደማ ይድኑ ነበር። ኬሞቴራፒ ሲጨመር ከ60 እስከ 70 ሆኑ። በተቀባይ በኩል የሚሠራው ምርጡ መድኃኒት፣ ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከ100 ልጆች 8 ጨምሯል።

ከ100 ልጆች 8 ማለት ትንሽ አይደለም፤ ከስምንቱ አንዱ የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ስምንት የተገኘው ኬሞቴራፒውንና ቀዶ ሕክምናውን በሙሉ ባገኙ ልጆች ላይ ነው። ያለ እነርሱ ሚፋሙርታይድ ብቻውን ሰውን ማዳኑ አልታየም። ስምንቱን ፍለጋ ከ40 በላይ የሆነውን ጥቅም የሚያጣ ቤተሰብ በስሌት ተሸንፏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። የዚህ ልዩነት ዋና ምክንያት የኢሚውኖቴራፒ አለመኖር አይደለም። ዘግይቶ መምጣት፣ የምርመራ ስሕተት፣ የመሠረታዊ መድኃኒት እጥረትና የተጀመረ ሕክምናን ማቋረጥ ናቸው። ድርጅቱ በ2018 ባስጀመረው ዓለም አቀፍ ዕቅድ እስከ 2030 በመላው ዓለም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ ያስቀመጠው በእነዚህ ላይ በመሥራት ነው።

በአገራችን የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች መካከል በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንዲሁም የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይገኙበታል። ለኦስቲዮሳርኮማ የሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች ዶክሶሩቢሲን፣ ሲስፕላቲንና በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት ናቸው። ሦስተኛውን ለመስጠት በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን በተደጋጋሚ መለካት ያስፈልጋል። ይህ በማይቻልበት ቦታ ሐኪሞች በሁለቱ መድኃኒቶች ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይሰጣሉ። ይህን ሲሰሙ «ልጄ የተጓደለ ሕክምና ተሰጠው» ብለው ከማቋረጥ ይልቅ የጀመረውን በጊዜው እንዲጨርስ ያድርጉ።

ከባዱ ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምናው

ብዙ ቤተሰቦች ሕክምናውን የሚተዉት «እግሩ ይቆረጣል» ሲባሉ ነው። ኅዘኑን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በጸበልና በጸሎት መበርታት የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር ከሕክምናው ጋር አብሮ እንዲሄድ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይችላል። ነገር ግን ዕጢው በአጥንቱ ላይ እንዳለ ኬሞቴራፒም ሆነ ሌላ መድኃኒት ብቻውን ኦስቲዮሳርኮማን አያድንም። እግሩን ሳይቆርጡ የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥቶ በሌላ መተካት የሚቻልበት ጊዜ አለ። የሚቻለው ግን ዕጢው ዋና ዋና የደም ሥሮችንና ነርቮችን ሳይውጥ ሲደረስበት ነው። በጊዜ መምጣት እግርንም ሊያተርፍ ይችላል።

«የመከላከል አቅም ማሳደጊያ» ስለሚባሉ ነገሮች

«ካንሰርን የሚዋጋው የሰውነት የመከላከል አቅም ነው» ከተባለ፣ አቅምን ያሳድጋሉ የሚባሉ ዱቄቶች፣ ቅጠሎችና እንክብሎች መስጠት ምን ጉዳት አለው የሚሉ ወላጆች አሉ። ከላይ እንዳየነው እያንዳንዱ ተቀባይ የሚሰማው የተወሰነ መልእክት ነው። «በጠቅላላው አቅም የሚያሳድግ» ነገር የኖድ-2ን ጥሩምባ አይነፋም። ጉዳት ግን ሊያደርስ ይችላል። ኬሞ የሚወስድ ልጅ ጉበትና ኩላሊት ተጨናንቀው እየሠሩ ነው። ምን እንዳለበት በማይታወቅ ቅጠል መጎዳት የለባቸውም።

በተለይ ይህን ያስታውሱ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት ከኩላሊት እንዳይወጣ ሊያግዱ ይችላሉ። በከፍተኛ መጠን ከተወሰዱ ደግሞ ከሚፋሙርታይድ ጋር አይሄዱም። ከፋርማሲ ወይም ከጎረቤት የሕመም ማስታገሻ ከመስጠትዎ በፊት የልጅዎን ሐኪም ይጠይቁ።

ሚፋሙርታይድ የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ ብርድ ብርድ ሊለው፣ ሊያተኩሰውና ሊደክመው ይችላል። ሆኖም ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ማንኛውም ልጅ ሲያተኩሰው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ «የመድኃኒቱ ነው» ብለው ቤት ሳያስቀምጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሐኪምዎን ምን ይጠይቁ?

• የልጄ ካንሰር ትክክለኛ ስሙ ምንድን ነው? በባዮፕሲ ተረጋግጧል?
• ሳንባው በሲቲ ስካን ታይቷል? ተሠራጭቷል ወይስ አልተሠራጨም?
• የኬሞቴራፒው ዕቅድ ስንት ዙር ነው? ቀዶ ሕክምናው በየትኛው ሳምንት ነው? መድኃኒቱ ቢያልቅ ምን እናደርጋለን?
• ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ከዕጢው ምን ያህሉ በኬሞው ሞቶ ተገኘ?
• በምንኖርበት አገር ሚፋሙርታይድ ተፈቅዷል? ልጄ መስፈርቱን ያሟላል? በድምሩ 36 ሳምንታት እየተመላለስን 48 ጊዜ ልንወስድ እንችላለን?
• ልጄ ሊሳተፍበት የሚችል የተመዘገበ ጥናት አለ?

ውጭ አገር ለመታከም የሚያስቡ ከሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ከመነሣትዎ በፊት ለሚቀበልዎት ሆስፒታል በጽሑፍ ያቅርቡ። ጉዞው ኬሞውን በስንት ሳምንት እንደሚያዘገየውም ያስሉ። የተጀመረ ኬሞ መሃል ላይ ሲቋረጥ ለካንሰሩ የማገገሚያ ጊዜ ይሰጠዋል።

ልጅዎን መቼ ወደ ሐኪም መውሰድ አለብዎት?

እስካሁን ልጅዎ ምንም ያልተባለ ቢሆንም የሚከተሉትን ቢያዩ አይዘግዩ፦

• በጉልበት፣ በጭን ወይም በትከሻ አካባቢ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየና እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፤
• ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፤
• እያደገ የሚሄድ እብጠት ወይም ጠጠር ያለ ነገር፤
• ያለ ምክንያት ማነከስ፤
• በቀላል መውደቅ የተሰበረ አጥንት።

ብዙ ጊዜ ልጁ ኳስ ሲጫወት እንደወደቀ ይነገራል። መውደቁ ካንሰር አያመጣም፤ የነበረውን ሕመም ግልጽ ያደርገዋል እንጂ። እንዲህ ያለ እብጠት ያለበትን ልጅ ወደ ወጌሻ ወስደው አያሳሹ። ማሸት ምርመራውን ያዘገየዋል፤ በዕጢ የሳሳ አጥንትም ሊሰበር ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው፤ ራጅ ማንሣት ነው። የአጥንት ቲቢና የአጥንት ኢንፌክሽንም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ፣ ለኢንፌክሽን የተሰጠ መድኃኒት በተባለው ጊዜ ለውጥ ካላመጣ ራጁ እንዲደገም ይጠይቁ። ካንሰር ከተጠረጠረ ደግሞ ናሙናው ቀዶ ሕክምናውን በሚያደርገው ቡድን ቢወሰድ ይመረጣል፤ በተሳሳተ ቦታ የተወሰደ ናሙና እግሩን የማትረፍ ዕድልን ሊያጠብ ይችላል።

ስለ ተቀባዮች የሚደረገው ምርምር ይቀጥላል፤ ለልጆቻችንም ነገ የተሻለ መድኃኒት ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ በእጅዎ ያለው ትልቁ መሣሪያ ግን በጊዜ መመርመርና የተጀመረውን ሕክምና እስከ መጨረሻው መከታተል ነው። ይህ ጽሑፍ ለመረጃ የቀረበ እንጂ የልጅዎን ሐኪም ምክር የሚተካ አይደለም።